የዓለም ኢኮኖሚ ሕጎችና የጅማ ቡና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቡና አቅራቢዎች፣ ከማኅበራት ሒሳብ ሠራተኞች፣ ከልማት ሠራተኞችና ከተማሪዎች ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

«የዓለም ኢኮኖሚ አስተዳደር» ሲባል የሚያስተዳድረው ማን ነው?

አንድ ዓለም አቀፍ መንግሥት የለም። ያሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጉዳይ የያዙ ተቋማት ናቸው። ጅማ ላይ ቡና የሚያመርት ወይም የሚነግድ ሰው በቅርብ የሚነኩት ጥቂቶቹ ናቸው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) በብር ምንዛሪና በመንግሥት በጀት በኩል ይመጣል፤ የዓለም ባንክ በብድርና በፕሮጀክት፤ የዓለም ንግድ ድርጅት በታሪፍና በገበያ ደንብ፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ማሟላት ያለበትን በመደንገግ። የኒው ዮርክ የቡና ገበያ ሕግ አውጪ አይደለም፤ ግን ከሁሉም በላይ በየቀኑ የሚሰማው የሱ ድምፅ ነው።

የቡና ዋጋ የሚወሰነው የት ነው?

የአረቢካ ቡና መነሻ ዋጋ የሚወጣው በኒው ዮርክ የወደፊት ውል ግብይት ነው፤ ማለትም ወደፊት ለሚረከቡት ቡና ዛሬ ዋጋ በሚቆረጥበት ገበያ። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ቡና ሲሆን፣ ዋጋው ለአንድ ፓውንድ በአሜሪካ ሳንቲም ይነገራል። የሮቡስታ ዋጋ የሚወጣው ለንደን ላይ ነው፤ እሱ በቶን ነው የሚነገረው። ዜና ላይ «ቡና 300 ገባ» ሲባል አንድ ፓውንድ 3 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው በዋናነት ብራዚል ነው፤ የዓለምን ቡና ሲሶ ያህል የምታመርተው እሷ ናትና። ብራዚል ውስጥ ውርጭ ወይም ድርቅ ሲመታ አጋሮ ላይ ዋጋ ይወጣል፤ የጎማ ወረዳ ገበሬ ምርት ቢያጣ ግን ኒው ዮርክ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2001 ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር አልፎ የ1977ቱን ክብረ ወሰን ርቆ ሄደ። በሁለቱ መካከል የጅማ ገበሬ በልፋቱ የለወጠው ነገር አልነበረም።

የኒው ዮርኩን ዋጋ ወደ ፈረሱላ እንዴት እንመነዝረዋለን?

አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2046 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ይሆናል። ለምሳሌ ኒው ዮርክ 3 ዶላር፣ ባንክ ዶላሩን በ130 ብር የሚገዛ ቢሆን፦ 37.48 በ3 ሲባዛ 112.44 ዶላር፤ እሱ በ130 ሲባዛ 14,617 ብር ገደማ። ለኪሎ ሲመታ 860 ብር ያህል ነው። ይህ ግን መነሻ ስሌት እንጂ ጅማ ላይ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ከዚህ ላይ የሚቀነሱ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ልዩነቱ ነው፦ ገዢው «ኒው ዮርክ ሲቀነስ ይህን ያህል» ወይም «ሲደመር ይህን ያህል» ብሎ ይዋዋላል። ያልታጠበው ጅማ 5 (ደረጃ አምስቱ) አብዛኛውን ጊዜ ከኒው ዮርክ በታች ነው የሚሸጠው፤ በደንብ የታጠበ የሊሙ ቡና ግን በላይ ሊወጣ ይችላል። ቀጥሎ እስከ ጅቡቲ ያለው ትራንስፖርት፣ የማበጠሪያ ብክነት፣ ጆንያ፣ የባንክ ወለድና የላኪው ትርፍ ይመጣሉ። ወለዱን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ቡና ሦስት ወር መጋዘን ሲቆይ የሚበላው እሱ ነው።

እሸት ለሚሸጥ ሰው ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀራል። ከ6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት የሚወጣው 1 ኪሎ ንጹህ ቡና ነው፤ ከጀንፈል (ከነልጣጩ ከደረቀ ቡና) ከሆነ 2 ኪሎ ገደማ ይፈጃል። በላይኛው ምሳሌ 860ን በ6 ብናካፍል 143 ብር ይሆናል። ወጪና ልዩነቱ ከዚህ ይቀነሳል። ሒሳቡን በኪሎ ጀምሮ በፈረሱላ መጨረስ፣ ወይም የእሸትን ዋጋ ከጀንፈል ጋር ማወዳደር፣ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ክርክር የሚያስነሣ የተለመደ ስህተት ነው።

አምራች ሀገሮች ተስማምተው ለምን ዋጋ አይቆርጡም?

ሞክረውት ነበር። በ1962ቱ ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት (እ.ኤ.አ.) መሠረት ለእያንዳንዱ ሀገር ኮታ ይመደብ ነበር፤ ለንደን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅትም በዓመቱ ተቋቋመ። ልዩነቱ ገዢ ሀገሮችም ፈራሚ መሆናቸው ነው፤ ከኮታ በላይ የመጣን ቡና ወደባቸው ላይ የሚመልሱት እነሱ ነበሩ። አሠራሩ በሐምሌ 1989 (እ.ኤ.አ.) ፈረሰ፤ ዋጋውም ወዲያው ወደቀ። ከዚያ ወዲያ አምራቾች ብቻቸውን ሆነው ቡና እየያዙ ዋጋ ለማስወደድ ያደረጉት ሙከራ አልያዘም፤ አንዱ ሲይዝ ሌላው ይሸጣል፣ አዳዲስ አምራቾችም በመሐል ገበያ ያሰፋሉ። ቪየትናም ያደገችው በዚያ ዘመን ነው።

የቡና ድርጅቱ ዛሬም አለ፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ሥራው ግን አኃዝ መሰብሰብ፣ ጥናትና ውይይት ነው። «ለንደን ዋጋ ወስኗል» የሚል ወሬ ከሰሙ ድርጅቱን ከሮቡስታ ገበያው ጋር ያምታታ ሰው ነው።

አይኤምኤፍ ብድር ነው የሚሰጠው ወይስ ትዕዛዝ?

ሁለቱም በአንድ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 (ሐምሌ 22 ቀን 2016) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን አደረገ፤ በዚያው ዕለት የአይኤምኤፍ ቦርድ የ4 ዓመት፣ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። በማግሥቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ከዚያ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ እርዳታ ነው። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ በየግምገማው ነው የሚለቀቀው። ከአይኤምኤፉ ብድር ዋናው መከፈል የሚጀምረው ከ5 ዓመት ተኩል በኋላ ሲሆን በ10 ዓመት ያልቃል።

ቅድመ ሁኔታዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል። አንደኛው ቦርዱ ከመሰብሰቡ በፊት መፈጸም ያለበት ቅድመ ተግባር ነው፤ የምንዛሪው ለውጥ እዚህ ውስጥ ነው። ሁለተኛው በቁጥር የሚለካ ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ የመጠባበቂያ ዶላር መጠን። ሦስተኛው መዋቅራዊ መለኪያ ነው፤ ሕግ ማውጣት፣ ኦዲት ማስደረግ የመሳሰለው። ሁለተኛው ካልተሟላ ገንዘቡ እንዲለቀቅ የቦርዱ ይቅርታ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ቀኑ ይገፋል። መንግሥት ፕሮግራሙን «ሀገር በቀል» ይለዋል፤ ተቺዎች «ከውጭ የተጫነ» ይሉታል። ሰነዱን ላነበበ ሰው አንዳንዱ መንግሥት ቀድሞ የፈለገው፣ አንዳንዱ ደግሞ ያለ ብድሩ በዚያ ፍጥነት የማያደርገው መሆኑ ይታያል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የቀድሞው ፕሮግራም መሐል ላይ ቆሞ መቅረቱም አይረሳ።

ብር በግማሽ ሲዳከም የቡና ዋጋ ለምን በእጥፍ አልጨመረም?

ጅማ ላይ ይህን ያህል የሚጠየቅ ጥያቄ የለም። መልሱ ያለው ከለውጡ በፊት በነበረው የላኪዎች ሒሳብ ውስጥ ነው። ያኔ ባንክ ዶላሩን በ57 ብር ገደማ ሲገዛ ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ነበር። ዶላር ማግኛው አንዱ መንገድ ቡና መላክ ስለነበረ፣ ብዙ ላኪ ቡናውን በኪሳራ እየላከ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስገብቶ በጥቁር ገበያው ስሌት ይሸጥ ነበር። ኪሳራውን የሚሸፍነው የአስመጪነቱ ትርፍ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ኪሎ ቡና ውጭ 5 ዶላር ቢያወጣ በ57 ብር ሒሳብ 285 ብር ነበር። ላኪው ግን ሀገር ውስጥ 330 ብር ይገዛው ነበር እንበል። ምንዛሪው 110 ሲገባ ያው 5 ዶላር 550 ብር ሆነ። ምንዛሪው ያደገው በ93 በመቶ ነው፤ የቡናው ዋጋ ሊያድግ የሚችለው ግን ከ330 ወደ 550፣ ማለትም በ67 በመቶ ነው፤ ያውም የላኪው ትርፍና ወጪ ሳይነሣ። ገበሬው የጥቁር ገበያውን ዋጋ በከፊል ቀድሞ እያገኘ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ወቅቱ ነው። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር ነው። ለውጡ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፤ ያኔ የብዙው ገበሬ ቡና ከእጁ ወጥቷል። በጀንፈል አድርቆ ማቆየት የቻለ ተጠቀመ፤ ለዘር፣ ለትምህርት ቤትና ለዕዳ ብሎ ታኅሣሥ ላይ የሸጠ ቀረበት። በላኪው በኩል በሐምሌው መመሪያ ከሚያስገባው ዶላር ግማሹን በራሱ ሒሳብ መያዝ ተፈቅዶለታል፤ ይህ አቅሙን አጠናክሯል። ገበሬው ድርሻውን የሚያገኘው ላኪዎች ሲሻሙለት ነው፤ አንድ ገዢ ብቻ በሚደርስበት ቀበሌ ግን አይደርሰውም።

ኢትዮጵያ በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ስንት ድምፅ አላት?

አይኤምኤፍ ውስጥ ድምፅ በዋናነት የሚሰላው በኮታ፣ ማለትም አባሉ በሚያዋጣው የገንዘብ ድርሻ ነው። ኢትዮጵያ ከ1945 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ መሥራች አባል ብትሆንም ድምፅዋ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። የአሜሪካ 16.5 በመቶ ያህል ነው። ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ስለሚፈልጉ አሜሪካ ብቻዋን ማገድ ትችላለች። የአፍሪካ ሀገሮች በቡድን በቡድን ሆነው ነው ዳይሬክተር የሚወክሉት፤ በኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ከሰሐራ በታች ላሉት ሦስተኛ ወንበር ተጨምሮ ቦርዱ 25 ደርሷል። ወንበር ተጨመረ ማለት ግን የኮታ ድምፅ ተጨመረ ማለት አይደለም፤ ውይይት ላይ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይሰማል።

የዓለም ንግድ ድርጅት በስምምነት ነው የሚሠራው፤ እያንዳንዱ አባል እኩል ድምፅ አለው። ኢትዮጵያ ያመለከተችው በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አምስተኛው የድርድር ስብሰባ የተካሄደው በመጋቢት 2025 ነው።

የዓለም ንግድ ድርጅት አባል መሆን ለቡና ምን ይጨምራል?

በታሪፍ በኩል ምንም ያህል። ጥሬ ቡና አውሮፓም አሜሪካም በመደበኛው ታሪፍ ቀረጥ አልነበረበትም። ለተቆላ ቡና አውሮፓ 7.5 በመቶ መደበኛ ቀረጥ አላት፤ ኢትዮጵያ ግን እጅግ ካላደጉት ሀገሮች አንዷ ስለሆነች በነጻ ታስገባለች። ቆልተን የማንልከው ከቀረጡ ይልቅ የተቆላ ቡና ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ማሸጊያው ውድ ስለሆነና ገዢዎቹ የሚፈልጉት ከብዙ ሀገር ቀላቅለው መቁላት ስለሆነ ነው።

አባልነቱ የሚነካው የሀገር ውስጡን ገበያ ነው፤ ማን መነገድ ይችላል የሚለውን። ከዚያ በፊትም በ2016 (እ.ኤ.አ. 2024) በወጣ መመሪያ ጥሬ ቡና መላክ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። የጅማ አቅራቢ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው፦ የውጩ ገዢ በርካሽ ወለድ ተበድሮ ሲመጣ፣ እሱ ከሀገር ውስጥ ባንክ በውድ ተበድሮ ነው የሚወዳደረው።

አጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ ሀገሮች የሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል) ቢመለስ ቡናችን ይጠቀማል?

በቀጥታ አይጠቀምም። ኢትዮጵያ ከአጎዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው፤ ጉዳቱን የቀመሰው ልብስ ስፌቱ ነው። ጥሬ ቡና ከአጎዋ ውጭም ቀረጥ አልነበረበትም። በ2025 አሜሪካ የጣለችው የ10 በመቶ ታሪፍ ቡናንም ይዞ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቡና እንዲወጣ ተደረገ።

የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ከቡናችን የሚፈልገው ምንድን ነው?

ቁጥሩ 2023/1115 ነው። ቡና፣ ካካዎ፣ ጎማ፣ የዘንባባ ዘይት፣ አኩሪ አተር፣ ከብትና እንጨት ወደ አውሮፓ ለመግባት ሦስት ነገር ማሟላት አለባቸው፦ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020) በኋላ ደን ባልተመነጠረበት መሬት መመረት፣ የአምራቹን ሀገር ሕግ አክብሮ መመረት፣ አስመጪው «አጣርቻለሁ» ብሎ የሚያስገባው መግለጫ መኖር። መግለጫው ቡናው የተመረተበትን እያንዳንዱን ማሳ አቀማመጥ መያዝ አለበት።

ቀኑ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። አሁን ባለው ድንጋጌ ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 2026)፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2027) ይጀምራል። «ተገፋ» ሲባል ሥራውን ያቆመ ማኅበር ይቸገራል፤ ገዢዎች የሚዋዋሉት ወራት ቀድመው ስለሆነ የዘንድሮ ውል የከርሞን ቀን ያያል። ግዴታው በሕጉ የተጣለው በአስመጪው ላይ ነው፤ ቅጣቱም እሱ ላይ ነው፤ ግን መረጃው ያለው ገበሬው ማሳ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ስጋት ደረጃ «መደበኛ» ተብሏል፤ ማለትም የአውሮፓ ባለሥልጣናት በዓመት ከኢትዮጵያ ከሚያስመጡት ኩባንያዎች ውስጥ ቢያንስ 3 በመቶውን ይፈትሻሉ።

የማሳውን ነጥብ እንዴት እንውሰድ? ብዙ ጊዜ የሚበላሸውስ የት ላይ ነው?

ማሳው እስከ 4 ሄክታር ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በፖሊጎን መለካት አለበት። በጅማ ዙሪያ ያለው ገበሬ አብዛኛው ከ4 ሄክታር በታች ነው፤ ግን ቡናው በሁለት ሦስት ቦታ ይበተናል፦ ጓሮ አንድ፣ ወንዝ ዳር አንድ፣ ደን ጥግ አንድ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ነጥብ ይያዛል። ነጥቡ ቡናው መሐል መሆን አለበት፤ የቤት ደጃፍ ወይም የማኅበሩ መጋዘን ላይ የተወሰደ አይሠራም። ስልኩን ይዘው ማሳው መሐል ይግቡ፣ ቅርንጫፍ ቀለል ያለበት ቦታ ፈልገው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁሙ፣ የስህተት መጠኑ ወርዶ ሲረጋ ይመዝግቡ። ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ 6 አኃዝ ይጠበቃል። ዙሪያ ሲለኩ ደግሞ በዝግታ ይራመዱ፣ ማዕዘን ላይ ይቁሙ፣ የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር ይግጠም፣ መስመሩ ራሱን አያቋርጥ።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይገለበጣሉ። በጅማ ዞን ኬክሮሱ በ7 ወይም በ8፣ ኬንትሮሱ በ35፣ በ36 ወይም በ37 ይጀምራል። የጅማ ነጥብ ቢገለበጥ ሰሜን አልጄሪያ፣ አናባ አካባቢ ይወድቃል። ስህተቱ የሚበዛው የአውሮፓው መዝገብ የሚቀበለው ጂኦጄሰን የሚባለው ፋይል ኬንትሮስን ስለሚያስቀድም ነው፤ ስልካችን ግን ኬክሮስን ያስቀድማል። ሁለተኛ፣ ከይዞታ ደብተር የሚገለበጥ መለኪያ አለ። የሀገራችን ካርታዎችና የሁለተኛ ደረጃ ይዞታ ልኬት የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው ሥርዓት ነው፤ አውሮፓ የሚቀበለው ጂፒኤስ የሚጠቀምበትን ነው። ሳይቀየር ቢገባ ማሳው ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል፤ ቡና የነበረው ጎረቤት ደን ውስጥ ይገኛል። ሲቀየር ደግሞ ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተ ምዕራብ ያለው የዞኑ ጫፍ በሌላ ፍርግርግ ውስጥ እንደሚወድቅ ያስታውሱ። ሦስተኛ፣ የሁለት ገበሬ ድንበር ይደራረባል፤ የገበሬው ስም በአንዱ ቅጽ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ይጻፋል።

ትልቁ ብልሽት ግን መጋዘን ውስጥ ነው። ሰብሳቢው በገበያ ቀን ከ40 ሰው ገዝቶ አንድ ላይ ከደፋና ከአርባው የአንዱ ማሳ ካልታወቀ፣ የሚበላሸው ሙሉው ክምር ነው። «አብዛኛው ንጹህ ነው» ማለት በዚህ ሕግ አያስኬድም። ስለዚህ የተመዘገበውና ያልተመዘገበው በተለያየ አልጋ ይደርቃል፣ በተለያየ ጆንያ ይገባል፣ ደረሰኙ ላይ የማሳው መለያ ቁጥር ይጻፋል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በደረጃ ተቀላቅሎ ከሚሸጠው ይልቅ ላኪዎች የቀጥታ ትስስሩን (ከአቅራቢው በቀጥታ መግዛቱን) እየመረጡ የመጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቡናችን በጥላ ሥር ነው፤ ሳተላይቱ ደን ቢለውስ? ጉንደላስ?

ሕጉ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር በላይ፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ዛፎች ያሉበትና የቅርንጫፍ ሽፋኑ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የሚውለው ግን አይቆጠርም። በዛፍ ጥላ ሥር የሚለማ ቡና የእርሻ መሬት ነው። የ2020ው የአውሮፓ የደን ካርታ ግን ዋንዛና ግራር የሸፈነውን የማና ወይም የጎማ ወረዳ ቡና ማሳ ደን ብሎ ሊያሳየው ይችላል። ካርታው ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ማሳው ከ2013 በፊት ቡና እንደነበረ የሚያሳይ የይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የማኅበሩ የድሮ ግዢ መዝገብ ይመልሰዋል።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው በጅማ ዞን ያለው የበለጠ–ጌራ ዓይነቱ የተፈጥሮ ደን ነው። ከተፈጥሮ ደን ውስጥ የበቀለን ቡና መልቀም ክልክል አይደለም፤ «የደን መጎሳቆል» የሚለው የሕጉ ክፍል የሚመለከተው እንጨትን ብቻ ነው። ነገር ግን ከታኅሣሥ 2013 በኋላ ደኑ ተመንጥሮ፣ ጥቂት የጥላ ዛፍ ብቻ ቀርቶ የቡና እርሻ ከሆነ፣ ወደ እርሻ ተለውጧል ይባላል። ያ ቡና አውሮፓ አይገባም።

ያረጀ ቡና ሲጎነደል (ለማደስ ግንዱ ሲቆረጥ) ከላይ ላየው መሬቱ የተመነጠረ ይመስላል። ስለዚህ ከጉንደላው በፊትና በኋላ ቀን የተጻፈበት ፎቶ ይያዝ፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛም ማሳውን፣ ቀኑንና የተጎነደለውን ስፋት ጽፎ ይፈርም። ሁሉንም በአንድ ዓመት ከመጎንደል በክፍል በክፍል ማድረግ ለምርቱም ለማስረጃውም ይሻላል።

የማሳው መረጃ የማን ነው?

በተግባር መረጃው የሚቀረው ልኬቱን የከፈለው ጋ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ጋ። ላኪው ብቻ ከያዘው ገበሬው በከርሞ ለሌላ ለመሸጥ ሲፈልግ ማሳው እንደገና ካልተለካ አይችልም፤ የዋጋ መደራደሪያውም ይጠፋል። መውጫው ከልኬቱ በፊት የሚፈረም አንድ ገጽ ነው፦ የፋይሉ ቅጂ ለማኅበሩ ይሰጣል፣ ገበሬው የማሳውን ቁጥርና ነጥብ በወረቀት ይወስዳል፣ መረጃው ከዚህ ሕግ ውጭ ለሌላ ነገር አይውልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ መሠረት ይሆናል። ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ቢሆን ብዙው ገበሬ ሳይረዳው ይፈርማል፤ በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ፣ ጮክ ተብሎም ይነበብ።

ሕጉ በደል ነው ብለን መክሰስ እንችላለን?

ኢትዮጵያ አባል እስካልሆነች ድረስ የዓለም ንግድ ድርጅት ዘንድ ክስ ማቅረብ አትችልም፤ በታዛቢነት ተቀምጣ መስማትና መናገር ግን ትችላለች። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ በሌላ የአውሮፓ ደንብ፣ በዘንባባ ዘይት ነዳጅ ጉዳይ ከሰው በ2024 እና በ2025 (እ.ኤ.አ.) ውሳኔ አግኝተዋል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አካባቢን መጠበቅ እንደ ምክንያት ተቀባይነት እንዳለው፣ የሚያስወቅሰው ደንቡ የተዘጋጀበትና የሚፈጸምበት መንገድ አድሎ ሲኖረው እንደሆነ ነው። ከዚያም የድርጅቱ የይግባኝ አካል ከታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዳኛ አጥቶ ቆሟል፤ የተሸነፈ ወገን ይግባኝ ብሎ ጉዳዩን ማንጠልጠል ይችላል።

ከጅማ ሆነን ድምፃችንን ማሰማት የምንችለው የት ነው?

የአውሮፓ ኮሚሽን ረቂቅ ደንቦችን አስተያየት በሚቀበልበት ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ ለረቂቅ ማስፈጸሚያዎች የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኛው 4 ሳምንት ነው። የአውሮፓ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ በኢሜይል መመዝገብ ይበቃል፤ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቻላል። «ገበሬያችን ይጎዳል» የሚል ጽሑፍ ተነቦ ያልፋል። የሚሠራው የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሶ «በማኅበራችን ይህን ያህል ማሳ አለ፣ አንዱን ለመለካት ይህን ያህል ሰዓት ፈጀ፣ ካርታው ከእነዚህ ውስጥ ይህን ያህሉን በስህተት ደን ብሏል» የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለመሰብሰብ ጅማ ዩኒቨርሲቲና መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ናቸው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪም አይጠፋም።

የአይኤምኤፍን ሰነድ የሚያነብ ሰው ከ100 ገጽ በላይ ስለሚያገኝ ከፊት አይጀምር። መጀመሪያ የመንግሥትን የፍላጎት ደብዳቤና አባሪውን ማስታወሻ፣ ቀጥሎ የመዋቅራዊ መለኪያዎቹን ሰንጠረዥ ያንብብ፤ ምን፣ እስከ መቼ፣ ተፈጸመ ወይስ ተገፋ የሚለው እዚያ ነው። የዓለም ባንክና የሌሎች የብድር ስምምነቶች ደግሞ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ጸድቀው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣሉ። ረቂቅ አዋጅ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ የሕዝብ ውይይት የሚጠራበት ጊዜ አለ፤ ጥሪው የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ማኅበሩ ወይም ዩኒየኑ አስተያየቱን በጽሑፍ ቀድሞ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ማስገባትና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ መያዝ አለበት።